ከባህር ዳር ጅግጅጋ በአየር፦ ኪሎ ሜትሩ ስንት ነው፣ ሰዓቱስ የት ነው የሚሄደው?

ባህር ዳር ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ። በተለይ ልጃቸው ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ወላጆችና ለስራ ወደዛ የተመደቡ ሰዎች ናቸው የሚጠይቁት፣ «ከዚህ ጅግጅጋ በፕሌን ስንት ሰዓት ነው?» ይላሉ። ስልካቸው ላይ ሲፈልጉ 660 ኪሎ ሜትር፣ 1 ሰዓት ተኩል ምናምን የሚል ያገኛሉ፣ ከዛ ትኬት ቢሮ ሲሄዱ ደግሞ ጠዋት ተነስተሽ ከሰዓት ነው የምትደርሺው ይባላሉ፣ አንዳንዱ ሰው የተታለለ ሁሉ ይመስለዋል። ማንም አላታለለም። ሁለቱም ቁጥር ትክክል ነው፣ የሚለኩት ነገር ነው የተለያየው፣ ይሄን ልዩነት የገባው ሰው ደግሞ ትኬት ሲቆርጥ በጣም ይጠቅመዋል።

መጀመሪያ 660 የሚለው ከየት እንደመጣ እንይ፣ ማንም ሰው በስልኩ ካልኩሌተር ሊያወጣው ይችላል። የባህር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አየር ማረፊያ በኬክሮስ 11.61 ዲግሪ ሰሜን፣ በኬንትሮስ 37.32 ዲግሪ ምስራቅ ላይ ነው ያለው። የጅግጅጋው ጋራድ ዊልዋል ደግሞ 9.33 ሰሜን፣ 42.91 ምስራቅ ላይ ነው። ኬክሮሱን ከኬክሮስ ስንቀንስ 2.28 ዲግሪ ይመጣል፣ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 253 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ እንወርዳለን ማለት ነው። ኬንትሮሱ ሲቀነስ 5.59 ነው፣ የኬንትሮስ ዲግሪ ከምድር ወገብ እየራቀ ሲሄድ እየጠበበ ስለሚመጣ እኛ አካባቢ 109 ኪሎ ሜትር አድርገን ብንይዘው 609 ኪሎ ሜትር ወደ ምስራቅ ይሆናል። ከዛ በኋላ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የተማርናት የፓይታጎረስ ሂሳብ ናት፣ 253ን በራሱ አባዙ፣ 609ንም በራሱ አባዙ፣ ደምሩና ስኩዌር ሩት አውጡለት፣ 660 ቁጭ ይላል። ለሩቅ ሀገር፣ ለምሳሌ ለዋሽንግተን፣ ይሄ አይሰራም፣ ምድር ክብ ስለሆነች ሌላ ሂሳብ ይፈልጋል፣ ለሀገር ውስጥ ግን ከበቂ በላይ ነው። አንዳንድ ቦታ 410 ወይም 356 የሚል ቁጥር ካያችሁም አትደናገጡ፣ የመጀመሪያው በማይል ነው፣ ሁለተኛው አብራሪዎች በሚጠቀሙበት በኖቲካል ማይል ነው፣ ርቀቱ ያው ነው።

ይሄን መስመር ካርታ ላይ በማስመሪያ ብትስሉት ደስ የሚል ነገር ታያላችሁ። ከጣና ዳር ተነስቶ ደቡብ ጎንደርና ጎጃም መሀል አባይን ይሻገራል፣ ወሎ ውስጥ ከሚሴ አካባቢ ያልፋል፣ ከዛ ቁልቁል አፋር ገዋኔ ጋ ይደርሳል፣ ከድሬዳዋ ትንሽ ወደ ሰሜን አለፍ ብሎ ጅግጅጋ ይገባል። እንግዲህ ያ የስልካችሁ 1 ሰዓት ተኩል የዚህ መስመር ሰዓት ነው። ችግሩ እናንተ የምትሳፈሩት ፕሌን በዚህ መስመር አይሄድም።

የአየር ርቀትና የምድር ርቀት እንደሚለያይ ለባህር ዳር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም መሰለኝ። ጎንደርን ውሰዱ፣ በአየር ከማረፊያ ማረፊያ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመኪና ግን መሀል ላይ ጣና ስላለ በወረታ በአዲስ ዘመን ዞረን 180 ኪሎ ሜትር አካባቢ እንሄዳለን። ወደ ጅግጅጋም በመኪና ከሆነ መጀመሪያ አዲስ አበባ ድረስ ከ500 በላይ፣ ከዛ ደግሞ በሀረር በኩል ሌላ ከ600 በላይ ኪሎ ሜትር ነው፣ ሁለት ሙሉ ቀን ቁጠሩት። አየሩ ላይ ግን ሀይቅ የለ፣ ገደል የለ፣ ለምን ቀጥ ብሎ አይሄድም? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚናደደው።

ምክንያቱ ተሳፋሪ ነው። የሀገር ውስጥ በረራችን ላይ በብዛት የምናየው ባለሁለት ውልብልቢቱ ኪው 400 ወደ ሰባ ምናምን ሰው ይጭናል፣ ከባህር ዳር ቀጥታ ጅግጅጋ ብቻ የሚሄድ ሰባ ሰው በየቀኑ ከየት ይመጣል? አይገኝም። በአንፃሩ ከባህር ዳር አዲስ አበባ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው፣ ከሱ ውስጥ ግማሹ እዛው ይቀራል፣ ጥቂቱ ጅግጅጋ፣ ጥቂቱ ጋምቤላ፣ ጥቂቱ አርባ ምንጭ፣ ሌላው ዱባይ ይቀጥላል። ቦሌ ማለት የአየር መናኸሪያ ነው፣ ሁሉም እዛ ይወርድና በየመስመሩ ይከፋፈላል። ሂሳቡንም እዩት፣ ከአዲስ አበባ ሌላ 20 ከተሞች አሉ ብንልና ሁሉንም እርስ በርስ በቀጥታ እናገናኝ ብንል 190 መስመር ያስፈልጋል፣ ሁሉንም ከአዲስ አበባ ጋር ብቻ ማገናኘት ግን 20 መስመር ነው። ፕሌን ውድ ነገር ነው፣ ባዶ ወንበር ይዞ የሚበር ፕሌን ደግሞ የሁላችንንም ትኬት ያስወድዳል። እኔ ቀጥታ በረራ ቢኖር ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው፣ ግን በቦሌ በኩል መሄዱ ንቀት ወይም ስንፍና አይደለም፣ ሂሳብ ነው።

ስለዚ እውነተኛው መንገዳችን ሁለት ቁራጭ ነው። ከባህር ዳር ቦሌ 333 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከቦሌ ጅግጅጋ 454 ገደማ። ሲደመር 787 ነው። ከቀጥታው በ127 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚበልጠው! ብዙ ሰው ወደ አዲስ አበባ መውረዱ መንገዱን እጥፍ የሚያደርገው ይመስለዋል፣ ግን ጅግጅጋ ራሱ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ሊባል በሚችል ኬክሮስ ላይ ስለሆነ ወደ ደቡብ መውረዱ ለማንኛውም አይቀርም ነበር። ስለዚ በአየር ላይ የጠፋብን ርቀት ትንሽ ነው፣ በደቂቃ ቢመነዘር 12 እና 13 ደቂቃ ቢሆን ነው። ሰዓቱ የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። እኔ ለሰው የምነግረው አቋራጭ ሂሳብ ይሄ ነው፣ ኪሎ ሜትሩን ለ10 አካፍሉ፣ የመጣውን ደቂቃ በሉት፣ ከዛ 25 ደቂቃ ጨምሩበት። ኪው 400 ሲፈጥን በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል፣ ለደህና ግምት 600 ብንለው በደቂቃ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ባህር ዳር ቦሌ 33 ሲደመር 25፣ 58 ደቂቃ። ቦሌ ጅግጅጋ 45 ሲደመር 25፣ 70 ደቂቃ። ቀጥታ ቢኖር ደግሞ 66 ሲደመር 25፣ 91 ደቂቃ፣ ያቺ ስልካችሁ ላይ ያያችኋት 1 ሰዓት ተኩል ማለት ናት።

25ቷ ደቂቃ ምንድን ናት? ትኬት ላይ የተፃፈው የመነሻ ሰዓት ፕሌኑ መሬት የሚለቅበት ሰዓት አይደለም፣ በሩ ተዘግቶ ከቆመበት የሚንቀሳቀስበት ነው፣ መድረሻውም ጎማው አስፋልት የሚነካበት ሳይሆን ማቆሚያው ጋ ደርሶ የሚቆምበት ነው። መሀል ላይ ወደ ማኮብኮቢያው መሄድ አለ፣ ወረፋ መጠበቅ አለ፣ ተነስቶ መዞር አለ። ባህር ዳር ላይ ነፋሱ አስገድዶት ወደ ሰሜን ምስራቅ፣ ማለትም ወደ ጣና በኩል ከተነሳ፣ አዲስ አበባ ያለችው ከጀርባው ስለሆነ ዞሮ ነው የሚመለሰው። መስኮት ዳር ለተቀመጠ ሰው ይሄ ትልቅ በረከት ነው፣ ሀይቁን፣ አባይ ከሀይቁ የሚወጣበትን ቦታ ቁልጭ አድርጎ ያያል፣ ሰዓቱ ላይ ግን ጥቂት ደቂቃ ይቆጥራል።

ከሁሉም በላይ ግን መውጣትና መውረዱ ነው። በደንብ ላሳያችሁ። ፕሌኑ ከባህር ዳር ሲነሳ መሬቱ ራሱ ከባህር ጠለል 1,800 ሜትር በላይ ነው፣ እዛ ላይ ተነስቶ ወደ 7,000 ሜትር አካባቢ ለመውጣት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይበላል፣ ሲወጣ ደግሞ በሙሉ ፍጥነቱ አይሄድም። ለመውረድ አብራሪዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ህግ አለ፣ ለየ1,000 ጫማው 3 ኖቲካል ማይል። 24,000 ጫማ ላይ ካለና ቦሌ ከ7,600 ጫማ በላይ ስለሆነ 16,000 ምናምን ጫማ መውረድ አለበት፣ ያ ወደ 50 ኖቲካል ማይል፣ በእኛ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ333 ኪሎ ሜትር ላይ 90 ለመውጣት፣ 90 ለመውረድ ከሄደ ተረጋግቶ በሙሉ ፍጥነት የሚበርባት 150 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። ካርታ ላይ መስመሩ የአባይን በረሃ የሚሻገረው ደጀንና ጎሃ ጽዮን ጋ ነው፣ እሱን እንዳለፈ ብዙም ሳይቆይ ጆሯችሁ መደፈን የሚጀምረው ለዚህ ነው፣ መውረድ ተጀምሯል። ሻይ እንኳን ሳትጨርሱ ነው ቀበቶ እሰሩ የሚባለው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሰው አያስተውለውም፣ ለአጭር በረራ የፕሌኑ አይነት ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። «ቦይንጉ ነው ወይስ ትንሹ?» ብሎ ትኬት የሚመርጥ ሰው አለ፣ ለምቾት ከሆነ ይሁን፣ ለሰዓት ከሆነ ግን ቦይንግ 737 በሰዓት ከ800 በላይ ቢሄድም የበለጠ ከፍታ ላይ ወጥቶ መውረድ ስላለበት ባህር ዳር አዲስ አበባ ላይ የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ጅግጅጋ ላይም 5 ደቂቃ ቢሆን ነው። ድሮ በፎከር 50 የሄደ ሰውም ዛሬ በኪው 400 ሲሄድ ልዩነቱ በመስመሩ ላይ የትየለሌ አይደለም። ፍጥነት ጥቅሙ የሚታየው መንገዱ ሲረዝም ነው።

ነፋስም አለ። በክረምት ከፍታው ላይ የሚነፍሰው ነፋስ በአብዛኛው ከምስራቅ ስለሆነ ወደ ጅግጅጋ ስትሄዱ ፊት ለፊት ይመጣል፣ ስትመለሱ ከኋላ ይገፋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነፋስ ቢሆን የቦሌ ጅግጅጋን በረራ በ3 ደቂቃ ያህል ነው የሚያረዝመው፣ ስለዚ ነፋሱን እርሱት። የማይረሳው የክረምት ደመናና ነጎድጓድ ነው፣ ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ የሚጠቁረውን ሰማይ የባህር ዳር ሰው ያውቀዋል፣ አብራሪው እሱን ዞሮ ያልፋል ወይ ቆሞ ይጠብቃል ወይ ጭራሽ ሌላ ከተማ ሄዶ ያርፋል። ወፍም ባህር ዳር ላይ ቀላል ነገር አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባህር ዳር ወደ አስመራ የተነሳው ቦይንግ 737 ሲነሳ የእርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት ወድቆ ከ104ቱ ተሳፋሪዎችና ሰራተኞች 35ቱ አልቀዋል። ስለዚ በረራው ለወፍ ተብሎ ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ የሚያጉረመርም ሰው ሳይ እናደዳለሁ፣ ይዘግይ። ቀትር ላይ ደግሞ ሙቀት አየሩን ያሳሳዋል፣ ከፍታችን ራሱ ላይ ሲጨመር ፕሌኑ ለመነሳት ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል፣ አንዳንዴ ጭነት ይቀንሳል፣ ብዙ ሻንጣ ለሚይዝ ሰው የጠዋት በረራ የሚሻለው በዚህም ምክንያት ነው።

እንግዲህ 58 ደቂቃና 70 ደቂቃ ሲደመር 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ነው። ታዲያ ቀኑ የት ሄደ? ቦሌ ላይ ነው የሄደው። ለምሳሌ ያህል፣ ፕሮግራሙ ይሄ ነው እያልኩ ሳይሆን ለሂሳቡ ብቻ፣ ከባህር ዳር ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚነሳ በረራ ያዛችሁ እንበል። ፍተሻና ቼክ ኢን ስላለ ከቤት 12 ሰዓት ላይ በባጃጅ ትወጣላችሁ፣ 3 ሰዓት ላይ ቦሌ ናችሁ፣ የጅግጅጋው 6 ሰዓት ነው የሚነሳው፣ 7 ከ10 ላይ ትደርሳላችሁ፣ ሻንጣ ተቀብላችሁ ስትወጡ 7 ከ40 ሆነ። ከቤት ከወጣችሁ 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሞላችሁ፣ ከሱ ውስጥ ፕሌን ውስጥ የነበራችሁበት ከሦስት አንድ እጁ እንኳን አይሞላም። ቦሌ ላይ ያለው ቆይታ ከ3 ሰዓት ወደ 2 ቢወርድ አንድ ሙሉ ሰዓት ታተርፋላችሁ፣ ፕሌን በመምረጥ ግን 5 ደቂቃ። ትኬት ስትቆርጡ ማየት ያለባችሁ የበረራውን ርዝመት ሳይሆን በሁለቱ በረራዎች መሀል ያለውን ክፍተት ነው።

ግን ደግሞ በጣም አታጥብቡት። የመጀመሪያው በረራ 40 ደቂቃ ቢዘገይ ሁለተኛው ያመልጣል፣ ወደ ክልል ከተማ ደግሞ በቀን የሚሄደው በረራ ጥቂት ስለሆነ አንዱ ካመለጠ ቀጣዩ እስኪመጣ ረጅም ሰዓት ትጠብቃላችሁ፣ አንዳንዴም ማደር ይመጣል፣ የማኮብኮቢያ መብራት የሌላቸው ማረፊያዎች ደግሞ ጭራሽ በቀን ብቻ ነው የሚያስተናግዱት። እኔ ብጠየቅ ከ2 ሰዓት በታች ክፍተት አልመርጥም፣ ክረምት ከሆነማ 3 ይሁን። ሌላው ትልቅ ነገር፣ ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት ቁረጡ። አንድ ትኬት ከሆነ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ሌላ በረራ ላይ የማስያዝ ሀላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው፣ ባህር ዳር አዲስ አበባን ለብቻ፣ አዲስ አበባ ጅግጅጋን ለብቻ ከቆረጣችሁ ግን ኪሳራው የእናንተ ነው።

ሻንጣውም እንደዛው ነው። ባህር ዳር ቼክ ኢን ስታደርጉ ሻንጣው እጀታ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ቆም ብላችሁ አንብቡት። ሦስት ፊደል ነው የሚፃፍበት፣ ባህር ዳር ቢ ጄ አር፣ አዲስ አበባ ኤ ዲ ዲ፣ ጅግጅጋ ጄ አይ ጄ ነው። በትልቁ የተፃፈው መድረሻ ጄ አይ ጄ ከሆነ ሻንጣው እስከ ጅግጅጋ በራሱ ይሄዳል፣ ኤ ዲ ዲ ብቻ ከሆነ ግን ቦሌ ላይ ተቀብላችሁ እንደገና ማስገባት አለባችሁ፣ ያ ደግሞ ከክፍተታችሁ ላይ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ልጅ ካላችሁ ይሄን ፊደል በስልኩ ፅፋችሁ ስጡት፣ በጣም ነው የሚጠቅመው።

ስለ ሰዓት አቆጣጠሩ ደግሞ ሳልናገር አላልፍም፣ ምክንያቱም በዚህ ሰው በረራ ያመልጠዋል። ትኬት ላይ ያለው በፈረንጅ ሰዓት፣ ያውም በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 07:00 የሚል ካያችሁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ 7 ሰዓት ብላችሁ ከምሳ በኋላ ብትሄዱ ፕሌኑ ከሄደ 6 ሰዓት ሆኖታል። 13:40 ከቀኑ 7 ከ40 ነው፣ 18:30 ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል። ሂሳቡ 6 መቀነስ ነው፣ ሰዓቱ 13 ወይም ከዛ በላይ ከመጣ ደግሞ 12ን መልሶ መቀነስ፣ ከ07:00 በፊት ከሆነ ግን በመቀነስ ፈንታ 6 መደመር። ቀኑም በፈረንጅ ነው የሚፃፈው፣ ስለዚ ትኬቱን እንደተቀበላችሁ ቀኑንም ሰዓቱንም በኛ አቆጣጠር ጎኑ ላይ በእስክሪፕቶ ፃፉት፣ በተለይ ለእናቶችና ለአባቶች።

መልሱ ጉዞ ላይ በረራዎቹ ያው 70 እና 58 ደቂቃ ናቸው፣ ክፍተቱ ግን ሌላ ነው፣ ምክንያቱም ከጅግጅጋ የሚመጣው በረራ ቦሌ የሚደርስበት ሰዓትና የባህር ዳሩ የሚነሳበት ሰዓት ከመሄጃው ጋር አንድ አይነት አይገጣጠምም። ሲሄዱ 2 ሰዓት የጠበቀ ሰው ሲመለስ 5 ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚ ደርሶ መልስ ስትቆርጡ የመመለሻውን ክፍተት ለብቻው ጠይቁ፣ ረጅም ከሆነም ሌላ ቀን ወይም ሌላ ሰዓት ካለ አስፈልጉ፣ ትኬቱ ከመከፈሉ በፊት መቀየር ነፃ ነው፣ ከተከፈለ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ያስከፍላል።